ወረርሽኝ የተከላቸው ቤተ ሙከራዎች

የዋድላ ወረዳ መቀመጫ ኮን ናት። ዋድላ በሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚጠራው በቅኔ ነው፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር አብሮ የሚነሳ የራሱ የቅኔ ቤት አለው። ስለዚህም ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከፍ ላለው ትምህርት ወደዚህ ደጋ ሲወጣ ኖሯል። ዛሬ ከኮን የተነሳ ወጣት የቫይረስ ሳይንስ ልማር ቢል ግን መንገዱ ተገልብጦ ይጠብቀዋል። የሚሄደው እሱ ነው፤ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባና ቢሾፍቱ፣ ሲሳካለትም ወደ አምስተርዳም ወይም ወደ ፕሪቶሪያ።

ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ለመረዳት የዩኒቨርሲቲዎቻችንን የትምህርት ክፍል ዝርዝር ማገላበጥ ብዙም አይጠቅምም። በአገራችን የቫይረስ ትምህርት ቤት አስቀድሞ በዕቅድ አልተሠራም። በሽታ ገባ፤ በሽታውን ለመያዝ ላቦራቶሪ ተተከለ፤ ላቦራቶሪው ሰው ሲቸግረው ማስተማር ጀመረ። ዲግሪው የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

የታሪኩን መጀመሪያ የላስታና የዋድላ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ክፉ ቀን ይለዋል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ያ ረሃብ የጀመረው በከብት ነው። በብዙዎች ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታመነው፣ ኢጣሊያኖች በ1887 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው የታመሙ ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ መግባቱ ነው። በሽታው ከባሕር ዳርቻው ወደ ደጋው ወጥቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ጨረሰ። በሬ የሌለው ማሳ ጦሙን አደረ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተሉ። የአገሪቱ ሲሶ ሕዝብ አለቀ የሚሉ አሉ፤ ቁጥሩን ማንም ቆጥሮ ባያረጋግጠውም።

ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ መታወቅ የጀመረው ክፉ ቀን በሚያበቃበት ዓመት ገደማ መሆኑ ይገርመኛል። በ1892 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጣርቶ፣ ከማጣሪያው ያለፈው ውኃ አሁንም ጤነኛውን ቅጠል እንደሚያሳምም አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1902 እ.ኤ.አ.፣ ሞሪስ ኒኮልና አዲል በይ በቁስጥንጥንያ የደስታ በሽታም እንዲሁ በማጣሪያ የሚያልፍ መሆኑን አረጋገጡ። የዋድላን በሬዎች የገደለው ነገር ምንነቱ የታወቀው በሬዎቹ ካለቁ በኋላ ነው።

የኅዳር በሽታም እንዲሁ አለፈ። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ በከተማይቱ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደገደለ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን የሚታጠነው ጭስ ትዝታውን እስከ ዛሬ ይዟል። ላቦራቶሪ ግን አልተረፈንም። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንግሊዞች የለዩት በ1933 እ.ኤ.አ. ነበርና ለዚያ መወቀስ አይገባንም።

ላቦራቶሪ የተረፈን ከውሻ ነው። አዲስ አበባ ጉለሌ ውስጥ "ፓስተር" ሲባል ሰፈሩን የማያውቅ የለም። ስሙ የመጣው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚያ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅድመ አያት መሆኑ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው በጠበል ወይም በባለመድኃኒት ሥር ካልታከመ ወደ ፓስተር ይሄድ ነበር። የሚወጋው ክትባት የሚሠራው ከበግ አንጎል ነበር። ቫይረሱ በበጉ አንጎል ውስጥ ይራባል፣ አንጎሉ ይፈጫል፣ ቫይረሱ በኬሚካል ይገደላል፤ ከዚያ ታካሚው ለ14 ቀን በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋል፣ ማጠናከሪያውም ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከነርቭ የሚሠራ ክትባት ይቅር ብሎ ከመከረ በኋላም ይህ ምርት በአገራችን ለረጅም ዓመታት ቀጥሏል። የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ይታወቃል፤ እንዲህም ሆኖ ስንቱን አትርፏል። ለዚህ ጽሑፍ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ሕያው ቫይረስ ይዞ፣ አራብቶ፣ መጥኖና ገድሎ መድኃኒት ማድረግን ኢትዮጵያውያን የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከመምህራን ወንበር ሳይሆን ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ተማሩት።

ትልቁ ፈተና በኦሞ ሸለቆ መጣ። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው ቢጫ ወባ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው፤ 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ወረርሽኙ የነካው አካባቢ ነዋሪ አንድ ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ከ10 ሰው አንዱ ታመመ ማለት ነው። በቻርልስ ሴሪዬ የሚመራው የፓስተር ቡድን በበቅሎና በእግር ወደማይደረስበት አገር ገብቶ ደም ቀዳ፣ ትንኝ ሰበሰበ፣ የበሽታውን አካሄድ መዘገበ። ካገኘው ሁሉ የማደንቀው የእንሰቱን ነገር ነው። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ጉንጭ ዝናብ ይጠራቀማል፤ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ በዚያች ጥቂት ውኃ ትፈለፈላለች። የሕዝቡ ዋና ምግብ የሆነው ተክል ከቤቱ ጀርባ ቆሞ የትንኟ ቤት ሆኖ ነበር። ይህን ለማወቅ ቫይረሱን ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ጓሮ መግባት፣ የአገሬውን አኗኗር ማየት ያስፈልጋል። የቫይረስ ተመራማሪ የምንለው ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ካለ፣ ያንን ጥናት ቢያነብ ይማርበታል። ጥናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት በተከታታይ ታተመ፤ በፈረንሳይኛ። ስለ እኛ የተጻፈውን ለማንበብ የኛ ተማሪ መጀመሪያ ፈረንሳይኛ ማወቅ ነበረበት።

ሌላው የ1950ዎቹ ምስክር ጎንደር ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከመቋቋሙ በፊት በደምቢያ ቆላ ድባ አካባቢ ወባ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። ወባ ቫይረስ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፤ ሞቱ ቀደመ፣ ትምህርት ቤቱ ተከተለ።

ከዚህ ሕግ የወጣው ፈንጣጣ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የማጥፋት ዘመቻው በኢትዮጵያ ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ታማሚ ተመዘገበ፤ በዓለም ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ብራዚላዊው ሲሮ ደ ኳድሮስና ባልደረቦቹ ከኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ጋር በእግርና በበቅሎ ደጋውን አዳረሱ፤ ሄሊኮፕተርም ተጨመረ። በአንዳንድ ደጋማ አገር ሰው ክትባቱን እምቢ ብሎ ተቃወመ፤ እርሱ ከአባቶቹ የወረሰው፣ ከታማሚ ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን የመክተብ ልማድ ነበረውና "የፈረንጁ ለምን ይበልጣል?" ማለቱ ያን ያህል የሚያስወቅሰው አይደለም። የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። ሥራው አለቀ። ይሁን እንጂ የተጠረጠረ ቅርፊት ተሰብስቦ የሚላከው ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ነበር። ዘመቻው ብርቱ እግረኞችንና አስተባባሪዎችን አፈራ፤ የቫይረስ ቤተ ሙከራና የቫይረስ ምሁር ግን አልተወልንም። ትልቅ ድል ነው፤ በኔ አስተያየት ትልቅ ያመለጠ ዕድልም ነው። እንዲያውም በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ይሠራ ነበር፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ፖለቲካው ሲቀየር ተዘግቶ ሄደ።

ለከብት የተሠራው ከሰው የተሻለ ዕድል አግኝቷል። በ1964 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ በፈረንሳዮች ድጋፍ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት እስከ ዛሬ ድረስ የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የዶሮና የጋማ ከብት ክትባት ያመርታል። የኮን ገበሬ በጉን ለፈንጣጣ ሲያስከትብ ብልቃጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቫይረስ ትምህርት ቤትነቱም ከቀደሙት አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ክትባት አምራች የሕዋስ እርባታን ሳያውቅ አንድ ቀን አያድርም።

የሕዋስ እርባታ ማለት ይህ ነው። ቫይረስ ብቻውን አይራባም፤ ሕያው ሕዋስ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጥጃ ኩላሊት ወይም ከጦጣ ኩላሊት የተወሰደ ሕዋስ በጠፍጣፋ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቀላ ባለ የምግብ ፈሳሽ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት እንዲያድግ ይደረጋል። ሕዋሱ የጠርሙሱን ወለል እንደ ምንጣፍ ሲሸፍነው ቫይረሱ ይጨመርበታል። ተማሪው በየቀኑ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ ሕዋሱ ሲኮማተር፣ ሲከብብ፣ ከወለሉ ሲላቀቅ ቫይረሱ ሥራውን እየሠራ ነው። ከዚያ ፈሳሹን አሥር እጥፍ፣ መቶ እጥፍ፣ ሺህ እጥፍ እያቀጠነ ስንት ቫይረስ እንዳለበት ያሰላል። እጁ ንጹሕ ካልሆነ ሻጋታ ይገባና የሦስት ሳምንት ልፋት በአንድ ጠዋት ይደፋል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ካልተነሳ ማሞቂያው ይበርዳል፣ ማቀዝቀዣው ይሞቃል። ይህ ትምህርት ከመጽሐፍ አይገኝም፤ የያዘው ሰው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን አይቶ መልመድ ነው።

የደስታን መጥፋት ያመጣውም ይኸው ጥበብ ነው። ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በሕዋስ እርባታ የሠራው ክትባት ርካሽና አስተማማኝ ነበር፤ ችግሩ ሙቀት አይችልም። በኋላ ሙቀት የሚችል አዘገጃጀት ተገኘና ያለ ማቀዝቀዣ በአፋር በረሃ በአካባቢው ሰዎች እጅ መሰጠት ተቻለ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ደስታ በ1995 እ.ኤ.አ. እዚያው አፋር ታየ። በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ደስታ ነው። ዛሬ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ከደስታ ቫይረስ የተረፈውን ቁስ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር እንዲያስቀምጡ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው ነገር በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢትዮጵያ ማቀዝቀዣ፣ በቁልፍ ተዘግቶበት ይኖራል።

ወደ ሰው ስንመለስ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርትን ከምርምር ጋር በትክክል ያገናኘው ኤችአይቪ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ከዚያም በፊት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1966 እ.ኤ.አ. የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው፣ ከእንዶድ የተነሳ ምርምር በአገር ውስጥ ዓለምን ሊያነጋግር እንደሚችል አሳይተዋል። ቫይረስ ላይ ግን ወንበሩ እንጂ መሣሪያው አልነበረም። በ1986 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ታማሚዎች ሲመዘገቡ አገሪቱ የያዘችው የደም ምርመራ እንጂ የቫይረስ ምርምር አልነበረም።

በ1994 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በዚያው በፓስተር ግቢ ተጀመረ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የተለየ ሆነ። ተማሪው ኢትዮጵያዊ ነው፣ ጥያቄው ከኢትዮጵያ የሚነሳ ነው፣ ናሙናው የሚሠራው በተቻለ መጠን አዲስ አበባ ነው፤ ተማሪው ወደ አምስተርዳም የሚሄደው የጎደለውን ዘዴ ለመልመድና በመጨረሻም የዶክትሬት ጽሑፉን ለመከላከል ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአቃቂ ፋብሪካና በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የረጅም ጊዜ ክትትል ተጀመረ። ጤነኛ ሠራተኛም፣ ቫይረሱ ያለበትም በየስድስት ወሩ እየተመረመረ ለዓመታት ተመዘገበ።

ከዚህ የወጣው ዕውቀት የትም ሊገዛ የማይችል ነበር። አልማዝ አበበና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የሚዘዋወረው ሲ የሚባለው የኤችአይቪ ዓይነት በውስጡ ሌላ ንዑስ ወገን እንዳለው አሳዩ። እነ ዶክተር ጸሐይነሽ መሰለ ደግሞ ጤነኛው ኢትዮጵያዊ ራሱ በደሙ ያለው ሲዲ ፎር የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ከጤነኛው ሆላንዳዊ ያነሰና ይበልጥ የነቃ መሆኑን አገኙ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስል፤ መድኃኒት የሚጀመርበት ልክ በሲዲ ፎር ቁጥር በሚወሰንበት ዘመን፣ በአውሮፓዊ ደም የተሠራ መለኪያ ለኛ ሰው ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ዶክተር ጸሐይነሽ በኋላ በፓስተር ግቢ ያለውን ኢንስቲትዩት መርተዋል፤ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነውን የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም ከምሥረታው ጀምሮ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል።

ፕሮጀክቱ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ገንዘቡ ሲያልቅ አበቃ። ለጋሽ የያዘው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ማዘን ይቻላል፣ መገረም አይቻልም። ሕንፃው፣ መሣሪያውና ሰዎቹ ግን ቀሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር የምርመራውን ሸክም የተሸከመው ይኸው ቤት ነው።

ዛሬ የቫይረስ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በሕክምና ማይክሮባዮሎጂ፣ በእንስሳት ሕክምና ወይም በባዮቴክኖሎጂ በር ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪው የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም የእንስሳት ሐኪም ነው። የማስተርሱ የመጀመሪያ ዓመት በክፍል ያልፋል። ሁለተኛው ዓመት ፕሮፖዛል ነው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ ነው። ከውጭ የሚታዘዝ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ኬሚካል የውጭ ምንዛሬ ትጠብቃለች፣ ጉምሩክ ትጠብቃለች፤ በመንገድ ማቀዝቀዣ ሣጥኗ ውስጥ ሞቃ ከደረሰች ጥቅም የላትም። ስለዚህ ብልህ አማካሪ ለተማሪው ርዕስ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያየው መጋዘኑ ውስጥ ምን እንደቀረ ነው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ "ስንት ሰው ተይዟል?" በሚል ጥያቄ የሚያልቀው ተማሪው ሌላ ጥያቄ ስላጣ አይመስለኝም፤ ያንን ብቻ የሚመልስ መሣሪያ ስላለው ነው።

ኮቪድ ይህን ጥቂት ለወጠው። በጥር 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ነበር፤ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ሲገኝ ምርመራው አዲስ አበባ ገብቷል። በጥቂት ወራት ፒሲአር የሚሠራ ላቦራቶሪ በየክልሉ ተከፈተ፤ ለወሎ ደሴ ደረሰላት። ለላስታ ሰው የቫይረስ ምርመራ የዚህን ያህል ቀርቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ክረምት ላሊበላ፣ በ2014 ጥቅምት ደሴ በጦርነቱ ውስጥ ወደቁ፤ በሰሜንና ደቡብ ወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ላቦራቶሪ የሚተክል ወረርሽኝ አለ፤ የሚነቅል ሰው ደግሞ አለ።

እንዲያም ሆኖ የተከማቸው ልምድ አልጠፋም። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱ ሲረጋገጥ፣ ምርመራውን የሠራው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ የራሱ ላቦራቶሪ ነው። ጂንካ የኦሞ አገር ነው።

ለኮኑ ወጣት ርዕስ ፈልግ ብባል ሩቅ አልሄድም። ከዋድላ ሰሜን፣ ከላሊበላ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ይኖራሉ፤ በዓለም ያሉት በአጠቃላይ 500 ገደማ ናቸው። እጅግ ከሚያሰጓቸው ነገሮች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከዚያም በ2003 እ.ኤ.አ. መንጋ ፈጅቷል፤ ቫይረሱ የሚመጣውም ከእረኛው ውሻ ነው። እረኛውንም፣ ውሻውንም፣ ቀበሮውንም የሚያገናኝ አንድ ጥናት ከዚያ ተራራ ሥር ሊሠራ ይችላል። የተለመደው ምርመራ የሞተውን እንስሳ አንጎል ሳይበሰብስ በበረዶ ማድረስና ልዩ ብርሃን ያለው ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል። በተራ ማይክሮስኮፕ የሚነበብ ሌላ ዘዴም አለ፤ ለወረዳ ላቦራቶሪ የሚሆነው እሱ ነው። ተማሪው ፕሮፖዛሉን ሲያቀርብ ኮሚቴው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቫይረሱ ባሕርይ አይሆንም፤ ውሻው ቅዳሜ ማታ ከሞተ አንጎሉ እስከ ሰኞ በምን እንደሚቆይ፣ በረዶውስ በመንገድ ላይ ባለችው ጋሸና ከማን ፍሪጅ እንደሚገኝ ነው።